ፈረንጅ ስም አይደለም

እዚህ በእስራኤል ከቂርያት መላኪ፣ ከገደራና ከያቭኔ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ ስለ ተደጋገመ፣ ዛሬ ሌላውን ጉዳይ ትቼ እርሱን ልመልስ። በያቭኔ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ በልጅነታቸው ጎንደር ትምህርት ቤት ሳሉ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ይዘምሩት የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር በስልክ እያዜሙልኝ፣ «ልጄ፣ ይህን ዜማ የደረሰው ማን ነው?» አሉኝ፤ ከእኔ በፊት የጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ «ፈረንጅ ነው» እያሉ አልፈዋቸው ኖሯል።

ፈረንጅ ስም አይደለም፣ እማማ። ሰውዬው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመናዊ ነው፤ የመጣበትም ታሪክ ከደጃችሁ የራቀ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም የተጠለሉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰምተው ልባቸው ስለ ተነካ፣ ልጆቹን ከፓትርያርኩ ለምነው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ያላቸው እነዚህ ናቸው፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ነበረ። የመዝሙሩን ግጥም የጎጃሙ የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ሲደርስ ዜማውን እርሱ አዘጋጀ፤ በ1930ም በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰማ። ለስግድ በዓል ወጥታችሁ በኢየሩሳሌም ካለው አርሞን ሃነጺቭ ወደ ጥንታዊቱ ከተማ ስትመለከቱ፣ በግንቡ ውስጥ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ያለው ሠፈር የእነዚያ ልጆች መጠጊያ የነበረው የአርመን ሠፈር ነው።

እንግዲህ በብርቱ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው፦ ዘፋኙን ስታመሰግኑ ዜማውን የደረሰውንና ያቀናበረውን አትርሱ። ቄሶቻችን በነጋሪትና በመጥቅዕ ታጅበው ሲጸልዩ፣ የጸሎቱ ሥርዓት ከመነኩሴው ከአባ ጸብራ እንደ ወረደ አባቶቻችን ይነግሩን የለምን? ለመነኩሴው የሰጠነውን መታሰቢያ ለዜማ ሠሪው መንፈጋችን ስለ ምንድር ነው?

የኬቮርክ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ከዚህ የባሰ ተረስቷል። በ1915 ተወልዶ፣ ቤተ ዘመዶቹ ከመከራ ሸሽተው በሐለብ ከተጠለሉ በኋላ በአጎቱ ዱካ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ዕድሜውንም ሁሉ የማዘጋጃ ቤቱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች ሲያሠለጥን፣ ሲያቀናብርና ሲመራ ፈጀው። ድካሙን ለመረዳት ይህን አስቡ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ኦርኬስትራ ግን ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሻል፤ የአውሮፓውን ሕግ እንዳለ የጫነባቸው እንደ ሆነ ቅኝታቸው ይፈርሳል፣ ትዝታውም ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ኔርሰስ ለሳክስፎኑ፣ ለመለከቱና ለቫዮሊኑ የየድርሻውን በኖታ ሲጽፍ፣ ቅኝቱ እንዳይጎዳ የሚጠነቀቅ ሰው ነበረ። በትምህርት ያልሠለጠነ ጆሮ ያለን ሰዎች ሳንቀር «የኛ ነው» ብለን የምንሰማው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ሰዓቱ ገፋ፤ የቴአትር ቤቱን ነገር በአጭሩ ልበል። በ1955 በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ዓመት ሲከፈት የታየው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው፤ ይህም ከመጽሐፈ ሳሙኤል የወጣ፣ የኢየሩሳሌም ታሪክ ነው። በዚያ መጀመሪያ ዘመን በመሪነት ያገለገለው ፍራንዝ ዜልቬከር የተባለ ኦስትሪያዊ ነበረ፤ ከሦስቱ ሁሉ ፈጽሞ የተዘነጋው እርሱ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ በዚህ ማይክራፎን የዘፋኙን ስም ብቻ ጠርቼ የአቀናባሪውን ሳልጠራ አልፌአለሁ፤ ይህን ስሕተቴን አርማለሁ፤ እናንተም በቤታችሁ አርሙ።

ኔርሰስ በ1977 በአዲስ አበባ ዐረፈ። ከአድማጮቼ መካከል በቴአትር ቤቱ ያገለገላችሁ ወይም ትርኢቱን የተመለከታችሁ ትኖራላችሁና፣ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ «አንድ ፈረንጅ ነበረ» አትበሉ፤ ኬቮርክ፣ ኔርሰስ፣ ፍራንዝ ብላችሁ በየስማቸው ጥሯቸው።