ጠያቂውን ማን ይጠይቀዋል?
የፖሊስ ሥልጣንና በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ልጆች አቤቱታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለሕግ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)




በኢትዮጵያ በቆየው የዳኝነት ልማድ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፥ ጌታም ይሁን ሎሌ፥ እርምጃውን ገትቶ መቆም ነበረበት። ይሁን እንጂ ግዴታው የሚወድቀው በቆመው ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ስለ ነበር፥ ያስቆመውም ሰው ስላስቆመበት ምክንያት መልስ ይሰጥ ነበር። በዘመናዊ መንግሥት ሰውን መንገድ ላይ የማስቆም ሥልጣን ለፖሊስ ተሰጥቷል። መሰጠቱም ተገቢ ነው። የሚያከራክረው ነገር፥ ያስቆመው ፖሊስ እንደ ጥንቱ ከሳሽ ከቆመው ሰው ጋር ነጠላው ተቋጥሯል ወይስ አልተቋጠረም የሚለው ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል ልጆች ያሳለፉት ታሪክ ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በ«ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል ተወሰዱ። በግንቦት ወር 1991 ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። በ2022 ቁጥራቸው ወደ 170,000 የተጠጋ ሲሆን፥ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፥ ዕብራይስጥ አፋቸውን የፈቱበት፥ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ ዜጎች ናቸው። ስለሆነም አቤቱታቸው የእንግዳ አቤቱታ አይደለም። በአገሩ ሕግ እንደ ማንኛውም ዜጋ ለመዳኘት የቀረበ የባለቤት ጥያቄ ነው።

በሚያዝያ ወር 2015 በሆሎን ከተማ ዳማስ ፓካዳ የተባለ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በአንድ ፖሊስና በአንድ የፖሊስ በጎ ፈቃደኛ ተደበደበ። በመጀመሪያ ተይዞ የነበረው ተደብዳቢው ራሱ ነበር፤ የተጠረጠረውም ፖሊስን መትቷል በሚል ነው። ነገሩ የተለወጠው በአካባቢው የነበረ የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ሥዕል ለሕዝብ በታየ ጊዜ ነው። በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ብዙ ሺሕ ሰዎች አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስም ሰልፈኞቹን በፈረሰኛ፥ በውሃና በድምፅ ቦንብ በተነ። የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት። ሆኖም በሰኔ ወር ዋናው ዐቃቤ ሕግ በፖሊሱ ላይ የወንጀል ክስ እንዳይመሠረት ወሰኑ።

ከዚህ ታሪክ የሕግ ባለሙያ ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ነገር ካሜራው ነው። ካሜራው ባይኖር ኖሮ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው የፖሊሱ ቃልና የአንድ ጥቁር ወጣት ቃል ብቻ በሆነ ነበር። ካሜራ በሌለበት ጎዳና ደግሞ በየቀኑ የሚደረገው ነገር ሌላ መልክ አለው። ፖሊስ በአንድ መናፈሻ የተቀመጡ ወጣቶችን መታወቂያ ይጠይቃል። ወጣቱ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ቃል ቃልን ይወልድና ግፊያ ይከተላል። በመጨረሻም ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛን በመሳደብ ወይም ሥራውን በማሰናከል ይከሰሳል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚያሻው፥ ወጣቱ በቆመበት ሰዓት አንዳች ወንጀል ያልነበረ መሆኑ ነው። ወንጀሉ የተፈጠረው በማስቆሙ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ እርሱን ይከተለዋል። በጦር ሠራዊት ጥሩ ምድብ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ በፈለገ ጊዜ መዝገቡ ቀድሞት ይገኛል። ያስቆመበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ፖሊሱን የሚጠይቅ መዝገብ ግን የለም።

የሕዝቡ ጩኸት ፍሬ አልባ ሆኖ አልቀረም። በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ዘገባ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በኢትዮጵያውያን ተወላጆች ላይ የዘር አድልዎ እንዳለ በግልጽ አምኖ 53 የውሳኔ ሐሳቦችን አቀረበ። ከነዚህም መካከል የዘር አድልዎን ለመዋጋት በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ልዩ ክፍል እንዲቋቋም የቀረበው በሥራ ላይ ውሎ፥ ክፍሉን በኢትዮጵያ የተወለዱት የሕግ ባለሙያ አወቀ ዜና መሩት። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፖሊሱ ጠቅላይ አዛዥ ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ጉባኤ ላይ ተጠይቀው፥ ፖሊስ ከሌላው ሰው ይልቅ ኢትዮጵያዊ ተወላጅን መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ንግግሩ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ይሁን እንጂ ከቁጣው ይልቅ የሚያሳስበው በንግግሩ ውስጥ ያለው የሕግ ስሕተት ነው። ጥርጣሬ ማለት አንድ የታወቀ ሰው ከፈጸመው የታወቀ ድርጊት የሚነሣ ግምት ነው። ከቆዳ ቀለም የሚነሣ ከሆነ ስለዚያ ሰው የሚያስረዳው አንዳችም ነገር የለም።

ይህንኑ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው በ2000 የተቋቋመው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ነው። ስሙ በዕብራይስጥ አገር ያለ ትርጉም በአማርኛ እንደ ሆነ መቅረቱ ለዚህ ጉባኤ ልዩ ትርጉም አለው። ድርጅቱ ከሌሎች የዜጎች መብት ተሟጋቾች ጋር ሆኖ ባቀረበው አቤቱታ ላይ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር ወር 2021 ውሳኔ ሰጠ። ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው አላፊ አግዳሚውን መታወቂያ ለመጠየቅ ብሎ የማገት ሥልጣን እንደሌለው ፈረደ። በ1982 የወጣው የመታወቂያ ሕግ ዜጋው መታወቂያ ይዞ እንዲያሳይ ያዛል፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት ይታገት አይልም። ሰልፉ ጥያቄውን አነሣ፤ ጠበቆቹ ደግሞ ዳኛ ሊፈርድበት በሚችል መልክ አቀረቡት።

በፖሊስ በኩል የሚቀርበው መከራከሪያ በቅንነት መታየት አለበት። ፖሊስ የሚሠማራው ወንጀል በሚበዛበት ሠፈር ነው፤ ስለዚህ የሚያስቆመው የዚያን ሠፈር ሰው ነው ይባላል። ይህ አነጋገር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ የሚረጋገጠው በመዝገብ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ሰውን ባስቆመ ቁጥር ቅጽ መሙላት ነበረበት። በ2013 የፌዴራል ዳኛዋ ሺራ ሺንድሊን በሰጡት ፍርድ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ ድረስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው እንደ ቆመ፥ ከነዚህም ከመቶ 80 በላዩ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች እንደ ነበሩ ለማረጋገጥ የቻሉት በዚሁ ቅጽ ነው። ከመቶ 88ቱ ያለ እስርና ያለ ክስ ተለቀዋል። የጦር መሣሪያ የተገኘውም ከቆሙት ጥቁሮች ከመቶ በ1.0፥ ከቆሙት ነጮች ግን ከመቶ በ1.4 ላይ ነው። ብዙ የተጠረጠረው ወገን ያነሰ ጥፋት ተገኘበት ማለት ነው። የፖሊሱ መከራከሪያ በፖሊሱ በራሱ ወረቀት ፈረሰ።

መዝገብና ምርመራ ከቁጥር አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። በጥር ወር 2019 በባት ያም ከተማ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመቱ ይሁዳ ቢያድጋ ቢላዋ ይዞ ሳለ በፖሊስ ጥይት ሞተ። በዚያው ዓመት በሰኔ 30 ቀን ሐይፋ አጠገብ በቂርያት ሐይም አንድ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ በወጣቶች ጠብ መካከል በተኮሰው ጥይት ወጣቱ ሰሎሞን ተካ ተገደለ። ፖሊሱ ወደ መሬት እንደ ተኮሰ ተናገረ፤ ምርመራውም ጥይቱ ከመሬት ነጥሮ እንደ መታው አመለከተ። አገሩ ሁሉ መንገዱ እስኪዘጋ በሰልፍ ተናወጠ። በ2020 ፖሊሱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ፤ በ2023 ጉዳዩን የሰማው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረት በእንዲህ ያለ ጊዜ ይታወሳል። ፍርድ ቤት የወሰነው ውሳኔ ቅር ቢያሰኝም ምክንያቱ ተጽፎ ይነበባል። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ፥ ማለትም ማን እንደ መረመረ፥ ማንን እንደ ጠየቀ፥ ስንት አቤቱታ ያለ ክስ እንደ ተዘጋ ካልታወቀ፥ ልጁን የቀበረ አባት ፍርዱን አምኖ እንዲቀበል ማግባባት አይቻልም። በእስራኤል ፖሊሶችን የሚመረምረው ክፍል በ1992 ከፖሊስ ወጥቶ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ተቋቁሟል። ማኅበረሰቡ ግን ለዓመታት ብዙዎቹ መርማሪዎች ከፖሊስ የመጡ ናቸው እያለ ሲያማርር ኖሯል። መሥሪያ ቤትን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ማዛወር ብቻውን ነጻ መርማሪ አያስገኝም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በሦስት ነገር ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፥ ፖሊስ ሰውን ባስቆመ ቁጥር ምክንያቱን ጽፎ ግልባጩን ለቆመው ሰው ይስጥ። ሁለተኛ፥ አቤቱታውን የሚቀበለውና የሚመረምረው ከተከሳሹ ጋር በአንድ ጣቢያ ያልሠራ ሰው ይሁን። ሦስተኛ፥ ፋይል ያለ ክስ ሲዘጋ ምክንያቱ ለተበዳዩ ቤተሰብ በጽሑፍ ይድረስ። ከነዚህ አንዱም የፖሊስን እጅ የሚያስር አይደለም። በሚገባ ያስቆመ ፖሊስ የጻፈው ምክንያት በሐሰት ሲከሰስ ይከላከልለታል።

እነዚህን ነገሮች ሰልፈኛው በአደባባይ ሊጠይቅ ይችላል። በሕግ ቋንቋ ማርቀቅ፥ በፍርድ ቤት መከራከር፥ ከተወሰነም በኋላ በየጣቢያው መፈጸሙን መከታተል ግን የጠበቃ፥ የዐቃቤ ሕግና የዳኛ ሥራ ነው። የ2021ዱ ውሳኔ በወረቀት የሚቀር ወይም በመናፈሻ ለተቀመጠው ወጣት የሚደርስ መሆኑን የሚወስነው፥ ያ ወጣት በሚቀጥለው ጊዜ መታወቂያ ሲጠየቅ «ስለ ምን?» ብሎ በደኅና ወደ ቤቱ መግባት መቻሉ ነው።