ከጽናው የወጣ ጢስ

የዕለቱ ባለቤቶች የበረራ ምሕንድስና ምሩቃን ሆይ፤

ትንሽ ዲያቆን ሳለሁ የጽናውን ፍም የማዘጋጅ እኔ ነበርሁና፣ ካህኑ ዕጣን ሲጨምሩበት ጢሱ እንደ ፈትል ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ክንድ ያህል ከፍ ካለ በኋላ ማንም ሳይነካው ተጠማዝዞ ሲበተን እያየሁ፣ ልቤ ከቅዳሴው ኮብልሎ አብሮት ይጠፋ እንደ ነበር ዛሬ እናዘዛለሁ። የምሕንድስና ሊቁ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በማንችስተር፣ በመስታወት ቧንቧ በሚፈስ ውሃ መካከል የቀለም ክር ሰድዶ የመረመረው ይህንኑ ምሥጢር መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ቀጥ ያለው ፍሰት ተጠማዝዞ የሚበተንበትን ይህን ነውጥ እስከ ጥቃቅን አዙሪቱ በኮምፒዩተር ላስላ የሚል ሰው፣ ፍሰት ለነውጥ ያለውን ዝንባሌ የሚለካው የሬይኖልድስ ቁጥር ዐሥር እጥፍ ባደገ ጊዜ ድካሙ ሺህ እጥፍ ገደማ ስለሚከብድበት፣ ጥቃቅኑን በግምት ቀመር ተክቶ ያልፋል፤ እንግዲህ በቀይና በሰማያዊ አሸብርቆ በምታዩት የኮምፒዩተር የፍሰት ሥዕል ውስጥ የሰው ግምት ተሸሽጓል።

ግምት በእውነተኛ በረራ ሲፈተን እንዴት እንደሚስት ላሳያችሁ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1981 ጠፈርተኞቹ ጆን ያንግና ሮበርት ክሪፐን ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የመጀመሪያውን በረራ ፈጽመው ሲመለሱ፣ ከድምፅ ፍጥነት ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ሩጫ ወደ ከባቢ አየሩ በገቡ ጊዜ፣ አፍንጫዋ ከተገመተው በላይ ወደ ላይ ቀና ማለት ወደደ፤ ስለዚህም ከሞተሮቹ ሥር ያለችው ሰፊ መቆጣጠሪያ ከተተነበየላት ሁለት እጥፍ ገደማ ወደ ታች መታጠፍ ግድ ሆነባት። ስሕተቱ ከስንፍና አልመጣም፤ ሊቃውንቱ አየር በሞዴል ላይ በሚነፍስበት የነፋስ ዋሻ ብዙ ደክመዋል፤ ነገር ግን የዋሻው አየር ቀዝቃዛ ሲሆን፣ በዚያ ሩጫ ከመንኮራኩሯ ፊት የታመቀው አየር የኦክስጅን ሞለኪውሎች እስኪሰነጠቁ ይግላል፤ የዋሻው ፍጥነትም ከእውነተኛው ያንስ ነበር። መንኮራኩሯ በሰላም ያረፈችው ለጥንቃቄ የተተወ ትርፍ ስለ ነበራት ነው። ከዓመታት በኋላ የተሠሩ የኮምፒዩተር ሲሙሌሽኖች ምክንያቱን ገለጡት፤ ሊገልጡት የቻሉት ግን የበረራው ልኬት በትክክል ተመዝግቦ ስለ ቆያቸው ነው።

እነሆ ወደ አሮጌው አባዜዬ ደረስሁ፤ እርሱም ደብተር ነው። በወጣትነቴ ስለ አንድ ክንፍ ያሰላሁትን ውብ ሥዕል ለአለቆቼ በኩራት ካሳየሁ በኋላ፣ አየሩ ለስሌት የሚከፋፈልበትን መረብ፣ ሜሹን፣ በእጥፍ ባጠበብሁት ጊዜ ሾክ ዌቭ የሚባለው የታመቀ አየር ግንብ ስፍራውን ለቅቆ አገኘሁት፤ ያን ቀን ኀፍረቴን በቀለም ጻፍሁ፤ ከዚያም ወዲህ ስሕተቴን ሁሉ ከነቀኑ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ሦስተኛውን ደብተር ይዣለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ወደፊት በመንገድ ቢያገኘኝ፣ ስሕተቱን የጻፈበትን የራሱን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ያሳየኝ፤ እኔም የእኔን ከኪሴ አወጣለታለሁ።