ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፦ ለቢቸናና ለሞጣ ወርክሾፖች የቀለም መርጫ ክፍል አመራረጥ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ጠባብ ነው። ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭበት፣ ነፋሱ ከጣራ ወርዶ በወለል የሚወጣበት ዝግ ክፍል እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ነገር ግን ጥያቄው በቢቸናና በሞጣ የብረት በርና መስኮት፣ የእንጨት ዕቃና የመኪና አካል ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን ሲሆን፣ መልሱ ከውጭ አገር ካታሎግ ተገልብጦ ሊሰጥ አይችልም። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ክፍሉ መመረጥ ያለበት ከሚቆምበት መሬት፣ ከሚስበው አየር፣ ከሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክና በውስጡ ከሚቆመው ሰው ተነሥቶ መሆኑን ነው። ካታሎጉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእናንተ ማብራራት አይገባኝም። በግቢ ውስጥ የተቀባ በር በመኸር ወራት የአውድማው እብቅና የመንገዱ አቧራ ያርፍበታል። በክረምት ደግሞ በእንጨት ላይ የተረጨው ላከር ሲደርቅ ነጭ ጉም ያወጣል፤ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይያዝበታልና። ቀለም ቀቢው በበኩሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ይውልና ማታ ወተት ይጠጣል። ወተት ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የገባው ወደ ሳንባ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምንይዘው የቀለም መርጫ የተወለደው ከሕክምና ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አለን ደቪልቢስ የተባለ አሜሪካዊ የጉሮሮ ሐኪም መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ልጁ ቶማስ ያንኑ አሠራር ለቀለም አዋለው። ጉሮሮን ለመፈወስ የታሰበው ጉም ጉሮሮን የሚጎዳ እንዳይሆን የሚያደርገው እንግዲህ የምንመርጠው ክፍል ነው።

የክፍሉን አሠራር ባጭሩ ላስታውስ። አንዱ ማራገቢያ ንጹሕ አየር በጣራው ማጣሪያ በኩል ያስገባል፤ አየሩ በዕቃውና በሠራተኛው ዙሪያ ቀስ ብሎ ወርዶ የባከነውን ቀለም ይዞ በወለሉ ፍርግርግ ሥር ይገባል፤ በዚያም ቀለሙን የሚይዝ ማጣሪያ አልፎ በሌላ ማራገቢያ ወደ ውጭ ይጣላል። የዚህ ዓይነቱ ክፍል ብልጫ የቀለሙን ጉም ከሠራተኛው ፊት ወደ እግሩ መሳቡ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ከእግሩ ሥር ነው።

ስለዚህ በመሬቱ ልጀምር። የቢቸና አካባቢ በጥቁር ዋልካ አፈሩ የታወቀ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ግንብ ይዞት ይንቀሳቀሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ አፈር ባለበት ስፍራ ለአንድ ወርክሾፕ ምክር እንድሰጥ ተጠይቄ ነበር። የክፍሉን ንድፍ አየሁ፤ የማራገቢያውን ስሌት መረመርሁ፤ መልካም ነው ብዬም ፈረምሁ። ስለ አፈሩ ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጉድጓዱ በጥር ተቆፈረ። በሐምሌ ስመለስ ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ከፍርግርጉ ሥር ሁለት ስንዝር ውሃ ተኝቶ፣ የቀለም ዝቃጭ በላዩ ይንሳፈፍ ነበር። ባለቤቶቹ ፍርግርጉን በሳንቃ ከድነው፣ በሩን ከፍተው እንደ ቀድሞው ይረጩ ነበር። የባንኩ ዕዳ ግን አልተከደነም። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ስሕተቱ የራሴ ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ የተማርሁትን በቀጥታ ልንገራችሁ። በዋልካ መሬት ላይ ጉድጓድ የሚጠይቅ ክፍል አይመረጥ። ነፋሱን በወለል ማውጣት ግድ ከሆነ፣ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በብረት መሠረት ላይ የሚቆም፣ መወጣጫ ያለው ዓይነት አለ፤ እርሱ ይመረጥ። ከሥሩም ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ ገረጋንቲ ይጠቅጠቅበት። በሞጣም ቢሆን የአፈሩ ጠባይ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል በመሬቱ ቀለም ብቻ አይፈረድ፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ አንድ ክረምት ይታይ።

ሁለተኛው ጉዳይ አየሩ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የአየሩም ክብደት በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ እዚህ 0.9 ኪሎ ግራም አይሞላም። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲሽከረከር የሚሰጠው ግፊት ስለዚህ በሩብ ያህል ያንሳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ተቃውሞም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳቱ መጀመሪያ አይታይም። የማጣሪያው ተቃውሞ ግን እምብዛም አይቀንስም። እንግዲህ ማጣሪያው አዲስ ሳለ ደኅና የሚሠራው ክፍል፣ ማጣሪያው ቀለም መያዝ ሲጀምር ቶሎ ይታፈናል።

ኮምፕሬሰሩም እንዲሁ ነው። በአንድ ምት የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ ጋኑን ለመሙላት ብዙ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚሠራ አገልግሎት ነው፤ ከዚያ በላይ ስሱ አየር በሚገባ ስለማያቀዘቅዛቸው ከፍ ያለ ጉልበት ያለው መምረጥ ያስፈልጋል። በመሆኑም ለሻጩ የሚጻፈው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ቦታው 2,500 ሜትር ላይ ነው» የሚል ይሁን።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 7 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ወርድ ያለው ክፍል 28 ሜትር ካሬ ወለል አለው። አየሩ በሰከንድ 0.3 ሜትር ይውረድ ብንል፣ በሰከንድ 8.4፣ በሰዓት ከ30,000 በላይ ሜትር ኩብ አየር ይፈለጋል። ይህን ለማንቀሳቀስ ብቻ፣ እንደ ማጣሪያው ተቃውሞ፣ 8 ወይም 9 ኪሎዋት ይሄዳል። በማለዳ 10 ዲግሪ የሆነውን አየር ወደ 20 ዲግሪ እናሙቅ ካልን ደግሞ 75 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ይህን ከአነስተኛ ወርክሾፕ መስመር መጠበቅ ከንቱ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ቢገዛም ለስሱ አየር ካልተስተካከለ ያጨሳል። ከሁሉ የሚረክሰው ማሞቂያ ግን ፀሐይ ነው፤ ርጭቱን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ማድረግ በበጋው ወራት ብዙ ወጪ ያስቀራል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ግን ከወጪም በላይ ያሳስባል። ማራገቢያው ወዲያው ይቆማል፤ በኮምፕሬሰሩ ጋን ያለው አየር ግን አይቆምም። 200 ሊትር የሚይዝ ጋን በ8 ባር ሞልቶ ከሆነ፣ ለ4 ወይም ለ5 ደቂቃ ያህል ያስረጫል። ሠራተኛው የጀመረው በር መስመር እንዳያወጣበት ሲል በጨለማና በቆመ አየር ውስጥ ይጨርሳል። የቲነሩ ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ በወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ከቲነር ክፍሎች አንዱ የሆነው ቶሉይን ከአየሩ ከመቶ 1.1 ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። መብራቱ ተመልሶ የመጀመሪያዋን ብልጭታ የሚሰጠው ማብሪያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማራገቢያው ሲቆም የመርጫውን አየር በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ የሌለው ክፍል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛ። አምፖሎቹ ከመስተዋት ውጭ ይሁኑ፤ የሚቀባው ብረትም ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ።

አራተኛው ሰውየው ነው። ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጨው የሁለት ጣሳ ቀለም አይሶሳይኔት የተባለ ንጥረ ነገር አለበት። ይህ ንጥረ ነገር አስም ያስከትላል፤ አንዴ የተቆጣ ሳንባም በኋላ ለጥቂቱ እንኳ ይነሣል። ሽታው ቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ስለዚህ ከሰል ያለበት ጭንብል ማለቁን ሠራተኛው አያውቅም። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በሥራው ይህን የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ ሥልጠና እንዲወስድ ያስገድዳል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና መከላከያ የማቅረብ ግዴታ አለበት ይላል። ክፍሉ ብቻውን ይህን ግዴታ አይፈጽምም። ይህን ቀለም ለሚረጭ ሰው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚደርሰው ጭንብል ከክፍሉ ጋር በአንድ ዋጋ ማቅረቢያ ይጠየቅ፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ የቀለሙ ዓይነት ይለወጥ።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? በርና መስኮት፣ ወንበርና አልጋ ለሚሠራ ወርክሾፕ ነፋሱ በወለል የሚወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። 3 ሜትር ወርድና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ አየሩን በጀርባው ማጣሪያ የሚስብ ክፍል በሰከንድ በ0.5 ሜትር ቢታሰብ 3.3 ሜትር ኩብ ይበቃዋል፤ ይህም ከቀድሞው ከግማሽ በታች ነው። ጉድጓድም አይፈልግም። ሠራተኛው ግን ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ መቆምን መልመድ አለበት። ሙሉ የመኪና አካል ለሚቀባና ጥራቱ ለሚያስከፍለው ጋራዥ ከላይ ወደ ታች የሚነፍሰው ይገባል፤ እርሱም ከፍ ባለ መሠረት ላይ፣ ለከፍታው በተመረጠ ማራገቢያ፣ በራሱ ከሚዘጋው ቫልቭ ጋር ይሁን። በሁለቱም ዘንድ የማጣሪያውን መታፈን የሚያሳይ ማኖሜትርና የአንድ ዓመት መለዋወጫ ማጣሪያ ከውሉ ይግባ፤ ማጣሪያ በቢቸና ሱቅ የሚገኝ ዕቃ አይደለምና።

ባልደረቦቼ፤ እያንዳንዱ ወርክሾፕ ብቻውን መግዛት አለበት ብዬም አላምንም። ሦስት ወይም አራት ወርክሾፖች ቀን ተከፋፍለው የሚሠሩበት አንድ ደኅና ክፍል፣ ለየራሳቸው ከሚገዙት አራት ደካማ ክፍሎች ይሻላል። ማኅበራችን ይህን ለማስተባበር ቢነሣ፣ ንድፉን ለመመርመር ፈቃደኛ ነኝ። በዚህ ጊዜ ግን ከመፈረሜ በፊት የአፈሩን ጉዳይ እጠይቃለሁ።