ያገለገለ ዕቃን መልሶ ስለ መጠቀም፤ በገላባትና በመተማ አካባቢ



የገላባትና የመተማ ስም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁበት ጦርነት ነው። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ግን ታሪክ ጸሓፊ የማያነሣውን፣ በየቤቱ ደጃፍ የተቀመጠውን ባዶ ጀሪካን ነው።

ይህ አገር የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ በተዘረጋው እርሻ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ በዚያ እንደ ሀብት ይቆጠራል። ጀሪካኑ፣ ጠርሙሱ፣ ጆንያው ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራ ይሰጠዋል። ይህም የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው። በአዲስ አበባም ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ የሚሰበስበው ቆርቆሮ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደ ገና ምድጃ ሆኖ ይወጣል።

ስሕተቱ የሚመጣው ዕቃው ቀድሞ የያዘው ነገር ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። የአረም ወይም የተባይ መርዝ የመጣበት ጀሪካን ከዘይቱ ጀሪካን ጋራ በመልክ ይመሳሰላል። ስለዚህ በአሸዋና በሳሙና ይታጠባል፤ ሽታው ሲጠፋም ውሃ ይቀዳበታል። ነገር ግን መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ በእጥበት ፈጽሞ አይለቅም፤ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይመለሳል። በዚህም ይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

ቀለምን ወይም ሽታን ማስለቀቅ መርዝን ማስለቀቅ እንዳልሆነ የዒራቅ ሕዝብ በ1964 ዓ.ም. በመራራ ዋጋ ተምሯል። ለገበሬው የተከፋፈለው የዘር ስንዴ በሜርኩሪ መድኃኒት የታሸ ሲሆን፣ ለምልክት ቀይ ቀለም ነበረው። በጆንያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በእስፓኝኛና በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ የሚያነበው አልተገኘም። እህሉ ታጠበ፤ ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለ፤ ዳቦ ተጋግሮ ተበላ። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከነዚህም 459ኙ ሞቱ።

ስለዚህ የመርዝ ዕቃ ሥርዓት የተለየ ነው። ይዘቱ እንዳለቀ ወዲያው ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ እጣቢው ወንዝ ወይም ሜዳ ላይ ሳይደፋ ወደ መርጫው ይገለበጣል፤ ከዚያም ዕቃው ተበስቶ ለሚሰበስበው ክፍል ይመለሳል። መለቅለቁ ለመጠጥ ብቁ አያደርገውም፤ መብሳቱም ማንም ዳግመኛ ውሃ እንዳይቀዳበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅትም በ2000 ዓ.ም. ባወጡት መምሪያ ይህንኑ መክረዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በምድጃ መማገድም ሌላ ስሕተት ነው፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ይሆናልና።

ለቀረው የቤት ውስጥ ዕቃ መንገዱ ቀላል ነው። እርጥቡ ትርፍራፊ ከወረቀቱና ከቆርቆሮው ጋራ ከተደባለቀ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ተለይቶ ከተቀመጠ ግን አንዱ ለማዳበሪያ፣ ሌላው ለቆራሌው ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ማንኛውም የቤተሰብ ኀላፊ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዘዘው ስለዚሁ ነው።

አዋጁ ቢወጣም፣ በጠረፍ ያለችው እናት በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ምልክት ካላነበበች የዒራቁ ገበሬ ዕጣ ይደርስባታል። ልጇ ግን ትምህርት ቤት ይውላል። መምህሩ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ምልክቱን በሰሌዳ ላይ ሥሎ ቢያሳየው፣ «ይህ ዕቃ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ መጠየቅንም ቢያስለምደው፣ ጥያቄው በዚያው ማታ እቤት ይደርሳል። መልስ ባልተገኘለት ዕቃ ውሃ አይቀዳ። ፊደል የማስተማር ጥቅሙ በሌላው ስፍራ ዕውቀትን ማስፋት ነው፤ በዚህ ጠረፍ ግን ሕይወትንም ማዳን ነው።