ለአንድ ወር የሚዘረጋ መስመር



የገና በዓል ሲቃረብ በየከተማው አደባባይ የሚሰቀለውን መብራት ተመልካቹ የሚያውቀው ከበራበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ለመሐንዲሱ ግን ነገሩ የሚታየው በሌላ መልክ ነው። የበዓል መብራት ማለት ለአንድ ወር ያህል ብቻ ተዘርግቶ የሚነቀል፣ ዝናብና ነፋስ የሚያገኘው፣ ከሥሩም ሕፃናት ሳይቀሩ ብዙ ሕዝብ የሚመላለስበት የኤሌክትሪክ መረብ ነው። ቋሚ መስመር ሲዘረጋ ፕላን ይነሣል፣ ስሌት ይሠራል፣ ተቆጣጣሪም ይመደባል። ይኸኛው ግን «ለጥቂት ቀን ነው» እየተባለ ብዙውን ጊዜ በመሰላልና በሽቦ ጥቅል ብቻ ይጀመራል።

ዕቅዱ ምን ምን ሊዘነጋ እንደሚችል ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የዋሽንግተን ከተማ የገና ዛፍ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲሴምበር 24 ቀን 1923 ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ከቬርሞንት የመጣውን፣ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ጥድ አበሩ። በዛፉ ላይ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ የሆኑ 2,500 አምፖሎች ተሰቅለው ነበር። ከሐሳቡም በስተጀርባ ሕዝቡ ከቤት ውጭ በኤሌክትሪክ መብራት እንዲያጌጥ ለማስለመድ የፈለገው የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ ነበረበት። በዓሉ ለንግድ ማስታወቂያ መዋሉ የሚያስቀይመው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም መስመሩን የዘረጋው የሥራውን ጠባይ የሚያውቅ ክፍል መሆኑ መልካም ነበር። ያልታሰበው ችግር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ዛፉ በጉዞ ላይ ሳለ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ስለተሰባበሩ ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከግንዱ ጋር እንዲታሰር ተደረገ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አልታወቀ ይሆናል፤ የማጓጓዣው ጉዳይ ግን የዕቅዱ አካል እንጂ የሾፌሩ ጣጣ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

በተከታዩ ዓመት የተቆረጠ ዛፍ ቀርቶ በሕይወት ያለ ዛፍ ተተከለ። እርሱም በየዓመቱ ከሚሰቀልበት ጌጥ የተነሣ ተጎድቶ በ1929 ተተካ። በ1954 የአንድ ማታ ሥርዓት የነበረው ዝግጅት ወደ ብዙ ቀናት ትርዒት ተለወጠ። በዚህም ጊዜ የሥራው ዓይነት ተለወጠ ማለት ይቻላል፤ አንድ ማታ የሚበራን መስመር ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል፣ ሳምንታት የሚበራውን ግን መጠበቅ ያለበት መከላከያው ራሱ ነው። በ1978 ከፔንሲልቬኒያ መጥቶ የተተከለው ዛፍ ከ32 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2011 ኃይለኛ ነፋስ ጣለው። ተተኪውም ከአዲሱ አፈር ጋር ሳይስማማ በ2012 ደረቀ። ኖቬምበር 28 ቀን 2023 ደግሞ፣ ማብሪያው ሥርዓት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቅርቡ የተተከለው 12 ሜትር ያህል የሆነ ዛፍ በነፋስ ወደቀና በክሬን ተነሥቶ እንደገና ቆመ። ሥርዓቱም በቀኑ ተካሄደ።

ነፋስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲነፍስ በአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ በግምት 240 ኒውተን ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሥር ያልሰደደ ዛፍ፣ ወይም በመንገድ ግራና ቀኝ በተወጠረ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ፣ ይህን ጉልበት ወደ መሬት የሚያወርድለት መልህቅ ያስፈልገዋል። በከተማ የሚታየው የተለመደው ስሕተት የመንገድ መብራት ምሰሶን እንደ ነፃ መልህቅ መቁጠር ነው። ምሰሶው የተሰላው ራሱንና ፋኖሱን እንዲሸከም ነው እንጂ ከጎን እንዲሳብ አይደለም።

ወደ ጭነቱ ሲመጣ ስሌቱ ቀላል ነው። 2,500 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢሆኑ 25 ኪሎዋት ይሆናሉ። ይህም በ220 ቮልት በአንድ ፌዝ ላይ ብቻ ቢጫን ከ110 አምፔር በላይ ሲስብ፣ በሦስቱ ፌዞች ቢከፋፈል ግን በእያንዳንዱ ወደ 38 አምፔር ይወርዳል። መብራቱም የሚበራው ቤቱ ሁሉ ምድጃውን በሚለኩስበት የምሽት ሰዓት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የዋሽንግተኑ ዛፍ በ2007 ሙሉ በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ተዛወረ። በዚህ ዓይነቱ አምፖል ጭነቱ በእጅጉ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ከዚህ ወዲያ የሚያሠጋ ነገር የለም ብሎ ያምናል። ነገር ግን የኤልኢዲ መቀየሪያዎች የሚፈጥሩት ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ጭነቱ በሦስቱ ፌዞች እኩል ቢከፋፈልም፣ በኒውትራሉ ላይ አይጣፋም፤ ይደመራል። ስለዚህም ኒውትራሉን አቅጥኖ ገንዘብ የቆጠበ ሰው ቁጠባው የተሳሳተ ነው። ከዚህም በላይ የሰው እጅ በሚደርስበት መስመር ሁሉ ላይ 30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ ሊገባ ይገባል። ውሃ ያለበት ማያያዣ ዋትን አይጠይቅም፤ አንዲት ትንሽ አምፖል የምታበራው ሽቦም ሕፃን ትገድላለች።

ማጥፋትም ቢሆን ይታቀዳል። በ1973 በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት በዚሁ ዛፍ ላይ መብራቱ እጅግ ተቀነሰ። በ1979 በኢራን በታገቱት አሜሪካውያን ምክንያት የአናቱ ኮከብ ብቻ በራ። በ1980 ደግሞ ሙሉ ዛፉ ለ417 ሴኮንድ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ የእገታ ቀን አንድ ሴኮንድ እየታሰበለት፣ በርቶ ጠፋ። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚመጣው ከፖለቲካ ባለሥልጣን ነው፣ የሚመጣውም በመጨረሻው ሰዓት ነው። ኮከቡ የራሱ መስመርና የራሱ ማብሪያ ከሌለው ግን ትእዛዙን የሚፈጽመው በመሰላል ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሆናል።

የቀን አቆጣጠሩም ጉዳይ አለ። የዋሽንግተኑ መብራት በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ግድም ስለሚያበቃ፣ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ገናቸውን በጃንዩዋሪ 7 ሲያከብሩ አደባባዩ ወደ ሥራ ቀኑ ተመልሷል። በአዲስ አበባ ግን በዲሴምበር 25 ዛፉን የሚያበራ ሆቴል ታኅሣሥ 29 እስኪያልፍ አያወርደውም። ስለሆነም ኪራዩ፣ የጥበቃ ተራውና የመለዋወጫ አምፖሉ ብዛት በሁለቱ በዓላት መካከል ያሉትን ሁለት ሳምንታት ጨምሮ መታሰብ አለበት።

ነቀላው ብዙውን ጊዜ በጀት የማይያዝለት ክፍል ነው። ሠራተኛው ደክሟል፣ ተመልካችም የለም። ሆኖም የሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት የሚጀመረው በዚያን ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ ተፈትሾ፣ የተላጠው ተለይቶ፣ ደኅናው በየመስመሩ ቁጥር ተጽፎበት ይጠቀለላል። መልህቅ የተነቀለበትም ጉድጓድ ሳይደፈን ማደር የለበትም፤ ወር ሙሉ መንገዱን በብርሃን የለመደው እግረኛ በማግስቱ የሚያልፍበት በጨለማ ነውና።