እንቅልፍ የሚነሣ ሐሳብና የአካል እንቅስቃሴ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ በሥጋቱ የሚመሰገን ባለሙያ ነው። ድልድይ ሲነድፍ ከሚያልፍበት ጭነት በላይ ያስባል፤ ግድብ ሲያሰላ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ጎርፍ ይጠብቃል፤ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው በትክክል መታሰሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ያያል። ይህ ጠባይ በቀን የሕዝብን ሕይወት ይጠብቃል። ሲመሽ ግን ሥራው ያላለቀለት ሠራተኛ ይመስል ከመሐንዲሱ ጋራ አብሮ መኝታ ቤት ይገባል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዐይኑ ፈጥጦ የቀረ መሐንዲስ የሚያሰላው አዲስ ነገር የለውም፤ ያንኑ ምሰሶ፣ ያንኑ የክፍያ ሰነድ፣ ያንኑ የርክክብ ቀን ደጋግሞ ያወጣል ያወርዳል። ሲነጋም ወረቀት ላይ ሊሰፍር የሚችል አንድ ውሳኔ እንኳ በእጁ የለም።

የዚህ ንግግር ርእስ እንዲህ ያለው እንቅልፍ ማጣትና ከአካል እንቅስቃሴ ጋራ ያለው ግንኙነት ነው። በየቢሮውና በየሳይቱ ስለ ጉዳዩ የሚሰጠው ምክር አንድና ያው ነው፦ «ሩጥ፣ ላብህን አውጣ፣ ሲደክምህ ትተኛለህ»። ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዳሩ ግን እውነትነቱ በከፊል ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ለአንድ ሳምንት ሞክሮት «ለእኔ አልሠራም» ብሎ ትቶታል።

እንቅልፍ በሁለት ኀይሎች ይመራል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 በሥርዐት ያስቀመጠው በዙሪክ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ ነው። አንደኛው ኀይል ሰው ነቅቶ በቈየ መጠን እየተጠራቀመ የሚሄድ የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ ከግድብ ኋላ እንደሚጠራቀም ውሃ ሊታሰብ ይችላል። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለ፣ ዑደቱ 24 ሰዓት ገደማ የሆነ፣ በብርሃን እየተመራ ራሱን የሚያስተካክል የተፈጥሮ ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ሰው ያለ ጥረት ይተኛል። ጭንቀት በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ያመጣል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሰውነት አደጋን ለመጋፈጥ ይዘጋጃል። ግድቡ ሞልቶ ሳለ መዝጊያው አልከፈት ይላል ማለት ነው። «ደክሞኛል፣ እንቅልፌ ግን አይመጣም» የሚለው አነጋገር ከዚህ የተነሣ ፍጹም ትክክል ነው። ድካም ግፊቱን ይጨምራል እንጂ መዝጊያውን አይከፍትም።

መዝጊያውን በጕልበት ለመክፈት መሞከር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በሌላው ሥራ ሁሉ ጥረት በጨመረ ቍጥር ውጤት ይጨምራል፤ በእንቅልፍ ግን ጥረቱ ራሱ ንቃት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢያዛቸው ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣም። «ስለ ርክክቡ አላስብም» ብሎ ትራስ ላይ የሚምል መሐንዲስም ዕጣው ይኸው ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ስልኩን እያበራ «አሁን ብተኛ 3 ሰዓት ተኩል ይቀረኛል» ብሎ የሚቀንስ ደግሞ ጭንቀቱን በቍጥር እየመዘገበ ነውና ሰዓቱን ከዐይኑ ቢያርቅ ይሻለዋል።

አርተር ስፒልማን የተባለው ተመራማሪ በ1980ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የእንቅልፍ ማጣትን ምክንያቶች በሦስት ከፍሎ ነበር፤ ሰውን ለችግሩ የሚያጋልጠው፣ ችግሩን የሚቀሰቅሰውና ችግሩን የሚያቈየው። አከፋፈሉ ለሙያችን ሰዎች ብዙ ያስረዳል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሕንፃ ሥራ መጓተት እንቅልፍን ይነሣል። ሕንፃው ይጠናቀቃል፣ ርክክቡም ይፈጸማል፤ እንቅልፉ ግን አይመለስም። ለምን ቢባል ሰውየው በእነዚያ ወራት ሌላ ኑሮ ለምዷል። ያጣውን ለማካካስ በጊዜ ይተኛል፣ እሑድ እስከ ረፋድ ይጋደማል፣ ቀን በቡና ራሱን ይደግፋል፤ «ጕልበቴን ልቈጥብ» ብሎም የቀድሞ የእግር ጕዞውን ያቋርጣል። ቀስቃሹ ሄዶ አቈያዩ ቀርቷል። የአካል እንቅስቃሴ ጉዳይ እጅግ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ አነስተኛ ጥናት አውጥተው ነበር። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ያስቸገራቸው 11 ሴቶች ለ16 ሳምንታት በመደበኛነት የአካል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ቈዩ። በቀን የተደረገው እንቅስቃሴ የዚያኑ ሌሊት እንቅልፍ ሲያሻሽል አልታየም። ይልቁንም እንቅልፍ ሳይመጣ የዘገየባቸው ሌሊት በማግሥቱ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ ያሳጥረው ነበር። በ16ቱ ሳምንታት መጨረሻ ላይ ግን የእንቅልፋቸው ርዝመት ጨምሮ ተገኘ። አሥራ አንድ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ውጤቱ ምክሩ በሳምንት ውስጥ የሚጣልበትን ምክንያት በሚገባ ያሳያል።

አርማታ ለሞላ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ኮንክሪት በተሞላ ማግሥት ሙሉ ጥንካሬውን የሚጠይቅ የለም፤ ናሙናው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል፤ እስከዚያው የሚደረገው ሳያሰልሱ ውሃ ማጠጣት ነው። በእንቅስቃሴም ቢሆን የዛሬውን ሩጫ በዛሬው ሌሊት መመዘን ከመለኪያው ቀን በፊት ናሙና መስበር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከክፉ ሌሊት በኋላ ባለው ጧት ምን ይደረጋል የሚለው ነው። መልሱም እንቅስቃሴውን መቀነስ እንጂ አለመተው ነው። ሶምሶማ የለመደ በእግሩ ይሂድ፤ አንድ ሰዓት የለመደ ግማሽ ሰዓት ያድርግ። ባይሮጥም በተለመደው ሰዓት ተነሥቶ ብርሃን ውስጥ መውጣቱ ራሱ የአንጎሉን ሰዓት ያስተካክልለታል። አገራችን በዚህ ረገድ የታደለች ናት፤ ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለችና ቋሚ የመነሻ ሰዓት ለመያዝ ክረምትና በጋ የሚያመጡት ልዩነት ጥቂት ነው።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለዐዋቂዎች ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከዚህ ዘልሎ በእንጦጦ አቀበት አትሌቶችን ለመከተል የሚሞክር ጭንቀታም ሰው ግን ጕዳት ላይ ይወድቃል። ከልክ ያለፈ ልምምድ ራሱ እንቅልፍ ይነሣልና። ብስጭቱን ለማውጣት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ትንፋሹ እስኪቈረጥ ሮጦ ወዲያው የሚጋደም ሰውም አካሄዱ ልክ አይደለም። የምሽት እንቅስቃሴ በጠቅላላው ጎጂ ነው የሚለው የቀድሞ አስተያየት አሁን ተሻሽሏል፤ የሚያስቸግረው ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚያበቃው ከባዱ ልምምድ ነው። ከሥራ መልስ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ የሚደረግ እርምጃ ምንም ነቀፋ የለበትም።

«ሳይት ላይ ቀኑን ሙሉ ስንወጣ ስንወርድ እንውላለን፤ ይህ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ለልብና ለጡንቻ በርግጥ ይጠቅማል፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን በአንድ እጅ ስልክ ይዞ ከኮንትራክተር ጋራ እየተከራከሩ ደረጃ መውጣት ሰውነትን ያንቀሳቅሳል እንጂ ሥጋትን አያሳርፍም። ማንም የማይጠራበት፣ ምንም የማይፈተሽበት ግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር ነው። ይህን ግማሽ ሰዓት ለማግኘት ሴት ባልደረቦች ከወንዶቹ ይበልጥ ይቸገራሉ፤ ከሳይት ሲመለሱ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሳይት ይጠብቃቸዋልና። የቤቱ ሥራ ካልተከፈለ በስተቀር ምክሩ ለእነርሱ ምክር ሆኖ ይቀራል።

ሥጋቱን ራሱን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ሥጋት መለየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ለመዠር በኒውዮርክ የተሠራው የ59 ፎቁ የሲቲኮርፕ ሕንፃ መገጣጠሚያዎች ከታሰበው ያነሰ ጥንካሬ እንዳላቸው ተረዳ፤ ተበይደው ሊያያዙ ታስበው በብሎን ተያይዘው ነበርና። ስሌቱን እንደገና ሠራ፣ ሌሎች ባለሙያዎችን አማከረ፣ ለባለንብረቱም ገለጸ። ከዚያም የሕንፃው ሠራተኞች ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ በያጆች ሌሊት ሌሊት እየገቡ መገጣጠሚያዎቹን አጠናከሩ። ይህ ተግባር ያለው ሥጋት ነው፤ ቦታውም ጠረጴዛ፣ ስልክና ሳይት ነው። ሁለተኛው ዐይነት ሥጋት በዚያ ሰዓት ሊደረግለት የሚችል አንዳች ነገር የሌለው ነው። ጨለማ ውስጥ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ57 ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ ወስደው ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ ግልጽ ሲሆን ይጠቅማል። «ምሰሶው» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ነገ 3 ሰዓት ላይ የምድር ቤቱን ምሰሶ ሥዕል ከፎርማኑ ጋራ ማየት» ማለት ይሻላል።

ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ዘዴ ቀላል ነው፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ አልመጣ ሲል ከአልጋ ወርዶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፣ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ፣ ጧት ምንጊዜም በአንድ ሰዓት መነሣት። አልጋ የስብሰባ አዳራሽ እንዳይሆን ነው። ስፒልማን ደግሞ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረቦቹ ጋራ የአልጋ ጊዜን የማሳጠር ዘዴ አወጣ። 8 ሰዓት ተጋድሞ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ የሚተኛ ሰው የአልጋ ጊዜውን ወደዚያው ያቀራርባል፤ እንቅልፉ ሲጠነክር በየጊዜው 15 ደቂቃ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። መኪና የሚነዳ ወይም ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ያለ ሐኪም ምክር ባይጀምረው ይበጃል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቈየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኀኒት በፊት እንዲሰጥ የመከረው እነዚህን ዘዴዎችና የአስተሳሰብ ሕክምናን አጣምሮ የያዘውን ነው።

ስለ ቡና መናገር ለዚህ ጉባኤ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃልና፣ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው በረካ ማታ 3 ሰዓትም ገና በሥራ ላይ ነው። እንቅልፍ ያስቸገረው ሰው ቡናውን ከቀትር በፊት ቢያደርገው ጨዋታው አይቀርበትም። ጫትም እንቅልፍን ያርቃል። መጠጥ በቶሎ ያስተኛና ሌሊቱን ይቈራርሰዋል።

በሳምንት ሦስት ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የዘለቀ ችግር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከፍተኛ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቋረጥ፣ ከሁሉ የሚወጣ ተስፋ መቍረጥ፣ ወይም በሩጫ ጊዜ የደረት ሕመም ካለ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም።

እስከዚያው ክፉ ሌሊት ያሳለፈ መሐንዲስ በማግሥቱ ሥራ መግባቱ አይቀርም። በዚያ ቀን ራሱ ባይነዳ፣ ስካፎልዲንግ ላይ ባይወጣ፣ የመጨረሻ ፊርማ የሚጠይቀውን ሰነድ ለማግሥቱ ቢያሳድረው መልካም ነው። ማሳደር ካልተቻለም ስሌቱን አጠገቡ ላለው ባልደረባ ሰጥቶ «ሌሊት አልተኛሁም፤ እባክህ አንድ ጊዜ እየው» ይበለው። ባልደረባውም ሳይስቅ ይየው።