አዲስ ገዢና ነባር ባለቤት፦ የኖርድሊንገር ፍርድና የንብረት ግብር



እ.ኤ.አ. በ1988 ኖርድሊንገር የተባሉ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ ከተከራይነት ወጥተው መጠነኛ ቤት በ170,000 ዶላር ገዙ። የተጣለባቸው ዓመታዊ የንብረት ግብር 1,701 ዶላር ነበር። በዚያው ሰፈር፣ ግምቱ በ1975 ዋጋ ላይ የተመሠረተ እኩል ስፋት ያለው ቤት ግን 358 ዶላር ገደማ ብቻ ይከፈልበት ነበር።

የልዩነቱ ምንጭ የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1978 በቀጥታ ድምፅ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 ነው። ይህ የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ፣ የግምቱም ዓመታዊ ዕድገት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ንብረቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ በገበያ ዋጋ እንደ አዲስ ይተመናል።

ከሳሿ የእኩል ጥበቃ መርህ ተጥሷል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክራቸው መሠረት ነበረው። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዌስት ቨርጂኒያ፣ ዌብስተር ካውንቲ በቅርብ የተሸጡ መሬቶችን በሽያጭ ዋጋቸው፣ ሌሎቹን በአሮጌ ግምት የመገመቱን አሠራር በሙሉ ድምፅ ሽሮ ነበርና። በ1992 ግን ያው ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያን ሥርዓት 8 ለ 1 አጸና። ዌስት ቨርጂኒያ በራሷ ሕገ መንግሥት ወጥ ግምትን አዝዛ ሳለ ገማቿ ተቃራኒውን ሠራች፤ በካሊፎርኒያ ልዩነቱን ራሱ ሕጉ አውቆ የፈጠረው ነው። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ያላነበበ ተማሪ ይህን ነጥብ በቀላሉ ይስተዋል።

የአብላጫውን ድምፅ ፍርድ የጻፉት ዳኛ ብላክመን ነበሩ። አዲሱ ገዢ ግብሩን አስቀድሞ ያውቃል፤ ካልተስማማው ግዢውን ይተዋል። ነባሩ ባለቤት ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ ጡረተኛው ገበያው ስለናረ ብቻ ከቤቱ ሊነቀል አይገባም። እስከዚህ ድረስ ምክንያቱ ያሳምነኛል።

ወራሹስ? ሕጉ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍን መኖሪያ ቤት ከአዲስ ግምት ነፃ አድርጎ ነበር። ልጁ ቤቱን የገዛው በአሮጌው ግብር ተማምኖ አይደለም፤ ስለዚህ የብላክመን መከራከሪያ እርሱን አይሸፍንም። ብቸኛው ተቃዋሚ ዳኛ ስቲቨንስ ይህን ከመካከለኛው ዘመን የትውልድ መብት ጋር አመሳሰሉት። አብላጫው የቤተሰብና የሰፈር ቀጣይነትን በቂ ምክንያት አድርጎ አለፈው፤ በእኔ አስተያየት በጣም በችኮላ።

የካሊፎርኒያ መራጮች ወደዚህ ጥያቄ የተመለሱት በ2020 ነው። በፕሮፖዚሽን 19 መሠረት ወራሹ ራሱ የማይኖርበት ቤት ዛሬ በገበያ ዋጋ ይገመታል።